ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እርግማን

ሰው ሁሉ የሚጎዳው የራሱ ጠባይ አለው። የእኔ ጥንቃቄ ነው። ደብዳቤ ስጽፍ ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ ጸሎት ስደግም አንዲት ቃል የዘለልኩ ከመሰለኝ ከ«በስመ አብ» እጀምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ከዚህ በታች የማወራው ነገር በቸልታ የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው። በጥንቃቄ ነው የመጣው። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው።

ያኔ ጂንካ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። የተወለድኩት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ካለ አጥቢያ ነው፤ አባቴ መሪጌታ ናቸው። የመምህርነት ዲፕሎማዬን ይዤ ዕጣ ስናወጣ ደቡብ ኦሞ ደረሰኝ። አባባ «አትሄጂም» አሉ። እኔ ሄድኩ። ሳይመርቁኝ መውጣቴ ሳያንስ ደጃፍ ላይ ቆመው አንድ ነገር ተናገሩኝ። ያንን ቃል ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ከዚያ ወዲህ አገሬን አላየሁም። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነበር። አንዴ ኮንሶ ላይ ወባ ጣለኝና ተመለስኩ፤ አንዴ የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪናው ፊቱን አዞረ። ለሰው ወባው ወባ ነው፣ ሙላቱም ሙላት ነው። ለእኔ ግን የአባባ አፍ ነበር።

የቀረኝ መንገድ ዝውውር ነው። በደብዳቤ ከተመለስኩ የመለሰኝ መንግሥት እንጂ የገዛ እግሬ አይደለም፣ ቃሉም አያገኘኝም ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነበር። የመሪጌታ ልጅ መሆን ለዚህ ዓይነቱ ትርጓሜ ይጠቅማል። ነገር ግን በደብረ ታቦር በኩል ለእንግሊዝኛ መምህር የሚከፈተው ቦታ ሁሉ ዲግሪ ይጠይቃል። ዲግሪውን በየክረምቱ ስማር ቆይቼ አንድ ኮርስ ብቻ ቀረኝ። እሱን ካለፍኩ እናቴን አያለሁ። ከወደቅኩ ደግሞ ሌላ ዓመት ነው።

ኮርሱ የድሮ ተውኔት ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ንግሥት ዘመን የተጻፈ። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ባለጸጋ አባት ልጁ ያለ ፈቃዱ ከመርከበኛ ጋር ልትሄድ ስትነሳ ይረግማታል፤ በመጨረሻ ታርቀው ይላቀሳሉ። ቋንቋው ግን አይጣል ነው። የማለፊያው መመዘኛ ደግሞ ከዚህ ተውኔት አንዱን ትዕይንት በየትምህርት ቤታችን በተማሪዎች አሠርተን ማሳየት ነበር። መዛኝ ከኮሌጁ መጥቶ ያያል፤ ተማሪዎቹ የጥንቱን ቃል ገብቷቸው ይናገሩት እንደሆነም ይጠይቃል። ለእኔ የደረሰኝ የእርግማኑ ትዕይንት ነው። መዛኙ ዓርብ ጠዋት ጂንካ ይገባና በዚያው ቀን ወደ ቱርሚ ያልፋል። ሌላ ቀን የለም።

ከእንግሊዝኛ ክበብ ስምንት ተማሪ መረጥኩ። ለአባትየው ኦይታን አደረግሁት። ከቱርሚ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ ሐመር ነው፤ አዳሪ ቤት ይኖራል፤ ዕድሜው ከሃያ አልፏል፤ ድምፁ ከብት ሲጠራ ያደገ ሰው ድምፅ ነው። ለልጅቱ ዱካን አደረግሁ። ዱካ የኦይታ ታናሽ እህት ናት። አባታቸው ሞቷል፤ ትምህርት ቤት ያስገባት ኦይታ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እኔ ግን የመረጥኳቸው ንባባቸው ከሁሉ ስለሚበልጥ ነው፤ ሌላ አልመረመርኩም። እንዲያ የምመረምር ሰው ይህን አልመረመርኩም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል ሳሳድድ ሰነበትኩ። የመማሪያው ጥራዝ መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳው ሰው ግን ቀኝ ዳሩን ቆርጦታል። እያንዳንዱ ፍቺ ልክ ሊገባኝ ሲል ያልቃል። ሳውላ ላለችው የኮርስ ባልደረባዬ ደወልኩ።

«የእኔም ተቆርጧል» አለችኝ።

«በየት በኩል?»

«በቀኝ።»

«ግራው የተቆረጠበት ሰው የለም?»

«ጠይቄ ነበር፤ ሁላችንም ከአንድ ማሽን ነው የወጣነው።»

የቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት የዛሬን እንግሊዝኛ እንጂ የጥንቱን አያውቅም። የማላውቀው ቃል ቢያስቸግረኝ አይገርምም፤ የከፋው የማውቀው ነው። «ፕረዘንትሊ» የሚለውን «ትንሽ ቆይቶ» ብዬ አስተማርኩ፤ በዚያ ዘመን ለካ «አሁኑኑ» ማለት ኖሯል። ተመልሼ አረምኩ። «አሁኑኑ» የሚለው ቃል በአራት መቶ ዓመት ውስጥ «ቆይ ትንሽ» ሆኗል፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ሦስት ቀን ይበቃዋል።

ደስ ያለኝ ቀንም አልጠፋም። «ዛው» የሚለውን ሳስረዳቸው ኦይታ ወዲያው ያዘው።

«አንቺ፣ አንተ ማለት ነዋ። ‹ዩ› ደግሞ እርስዎ።»

«ጎበዝ።»

«ታዲያ ‹ዛው› ለምን ጠፋ?»

«እንግሊዞቹ ቀስ በቀስ ሁሉንም ሰው ‹ዩ› ማለት ጀመሩ።»

«ሁሉም ሽማግሌ ሆነ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

የክበቡ ቀልደኛ ታምራት ነበር፤ የአሪ ልጅ ነው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ያገለግላል። «ቲቸር ይታይሽ፣ ዝም ብለን እንሸምድደው» ይለኛል በስሜ እየጠራ። «ሰውዬው ራሱ አይገባውም።»

«ለሰውዬው አይደለም። ያልገባችሁን ቃል ከአፋችሁ አታወጡም» አልኳቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ኋላ በእሱው ነው የተመታሁት።

የእርግማኑ አንቀጽ ግን አልፈታ አለ። አሥራ አንድ መስመር ናት። ኦይታ በቃሉ ይዟታል፤ ሲያወርዳት የክፍሉ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ዱካም ተንበርክካ አንገቷን ደፍታ በደንብ ታለቅሳለች። ሁለቱም ግን ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቁም። እኔም ግማሹን አላውቅም። ረቡዕ ደረሰ። ሁዳዴ ነው፣ እጾማለሁ፣ የጠመኔ ብናኝ ጉሮሮዬን ዘግቶታል።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ አንዲት የእንግሊዝ አገር ጡረተኛ ከአስጎብኚዋ ጋር ጂንካ ተይዛ ነበር። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ወረቀቴን ይዤ ሆቴሉ ድረስ ሄድኩ።

«እኔ እኮ ይህን በትምህርት ቤት እጠላው ነበር» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ለዚህ ብለሽ ነው በዚህ ጭቃ የመጣሽው?»

«የእናንተ ቋንቋ አይደለም?»

«የእኛ ነው። አይገባንም እንጂ።»

እኛም ግእዙን እንዲሁ ነን ብዬ በሆዴ ታረቅኋት። ደግ ሴት ናት፤ መነጽሯን አውጥታ ሁለት ሰዓት ያህል አብራኝ ተቀመጠች። ከተሰባበረው መፍቻ የቀረውን ከእሷ ትዝታ ጋር እየገጣጠምን አሥራ አንዱንም መስመር ፈታን። «ሄንስ» የሚለው «ከዚህ ሂጂ፣ ከዚህ ወዲያ» ነው፤ ባላንጣው «ሂዘር»፣ «ወደዚህ» ነው። ሌላውንም እንዲሁ። ስንጨርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

«የሚያስፈራ ነገር ነው» አለች። «ልጆቹ የግድ መናገር አለባቸው?»

«ለፈተና ነው» አልኳት። በልቤ ተደስቼ ነበር። እግዚአብሔር መንገዱን የቆረጠው ለእኔ ሲል መሰለኝ።

ሐሙስ ከክፍለ ጊዜ በኋላ ስምንቱን ሰብስቤ አንቀጹን በአማርኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቆንጆ አማርኛ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አረምኩት። «ከዚህ ሂጂ፤ እግርሽ ወደ ደጄ አይመለስ። ማኅፀንሽ ይንጠፍ። ጡትሽ ይድረቅ። ስምሽን የሚጠራ አይገኝ…» እያለ ይወርዳል። ዞር ስል የሚስቅ የለም፣ የሚጽፍም የለም። ዱካ ሰሌዳውን ሳይሆን ወንድሟን ታያለች። ኦይታ ተነሳ፤ ዳስተሩን አነሳ፤ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረገ። ሳይፈቀድለት ዳስተር ሲነካ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ዳስተሩን አስቀምጦ ወጣ። ደክሞታል ብዬ ተውኩት።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንቱም ክፍል ውስጥ ነበሩ። መዛኙ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተብሏል። ኦይታ ፊቴ ቆመ።

«ቲቸር፣ እኔ እሱን አልልም።»

«የትኛውን?»

«ትናንት የጻፉትን።»

«ኦይታ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትለው አልነበር?»

«ሦስት ሳምንት እንግሊዝኛ ነበር። ትናንት እርስዎ አማርኛ አደረጉት። እኔ ቤት ስደርስ ሐመርኛ ሆነ። አሁን ወደ እንግሊዝኛ አልመልሰውም፣ አይሄድልኝም።»

«ጨዋታ ነው እኮ። ተውኔት ነው። አንተ አባቷ አይደለህም።»

«አባቷ ነኝ» አለ። «አባታችን ሞተ። እኔ ታላቅ ነኝ። ገና ከብት ዘልዬ ሙሉ ሰው አልሆንኩም፣ ሽማግሌ ፊት አፌ ትንሽ ነው። ለታናሼ ግን አፌ ይይዛል። ማኅፀኗን፣ ጡቷን… እርስዎ ነዎት ያልገባህን ከአፍህ አታውጣ ያሉት። አሁን ገባኝ። የገባኝንም አላወጣም።»

ዱካን ጠየቅኋት። «እኔ እንቢ አላልኩም» አለች። «እሱ ግን ማታ አልበላም። ባይለው ይሻላል።»

ሰዓቴን አየሁ። ቁጣዬ ወደ ግንባሬ ሲወጣ ይሰማኛል። በጾም መቆጣት ጾሙን ማፍረስ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ «ጥሩ። ታምራት፣ አንተ አባትየውን ትሆናለህ። ከወረቀት ታነባለህ» አልኩ።

ታምራት ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። «ቲቸር፣ እኔ እሑድ መድረክ ላይ ቆሜ እየዘመርኩ ዓርብ ሰው ልርገም? ሽማግሌዎቹ ቢሰሙ ከመዘምራን ያስወጡኛል።»

«በእንግሊዝኛ ነው!»

«ጌታ እንግሊዝኛ አያውቅም?»

«እሺ፣ ከሴቶቹ የምትረገም?» አልኩ። ሁሉም ወለሉን አየ። አንዷ ወንበሩን እንርገመው አለች። ሌላው ይህ ወንበር የትምህርት ቤቱ ነው፣ በኋላ ተማሪ ይቀመጥበታል አለ። ስለ ወንበሩ ደህንነት ክርክር ተነሳ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ነገር በወንበር ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ፤ ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ።

መዛኙ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ገባ። ጫማው ጭቃ ለብሷል፣ መኪናው ሞተሩን አላጠፋም። ከኋላ ተቀምጦ ጽሑፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ይጀምሩ፣ ወይዘሮ ይታይሽ። ቱርሚ መድረስ አለብኝ።»

«አንድ ችግር አለ። አባት የሚሆነው ተማሪ አንቀጹን አይናገርም።»

«ታመመ?»

«ገባው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲገባው አይደል የፈለግነው?»

«ነው።»

«ታዲያ እኔ ምኑን ልመዝን? የእርግማን ትዕይንት ያለ እርግማን?»

«እኔ አባትየውን እሆናለሁ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መምህር ብታነብ ክልክል ነው የሚል ደንብ አልነበረም። ዱካ መጥታ ተንበረከከች። ነጠላዬን አስተካክዬ ወረቀቱን ያዝኩ። ዓይኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ አረፈ። ዝቅ ብላ የተደፋችውን አንገት አየሁ። ያኔ ነው ያወቅሁት።

የተውኔቱ መስመር የሚለው «ከዚህ ሂጂ፤ ይህ ወለል እግርሽን አይወቀው» ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ግን እሱን አልነበረም። «እግርሽ ወደ ደጄ አይመለስ» የሚለው የባለጸጋው አይደለም፤ የአባባ ነው። ዘጠኝ ዓመት ለማንም ያልነገርኩትን ቃል በጠመኔ፣ በትልቁ፣ ለስምንት ልጆች ጽፌዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም አርሜዋለሁ። ኦይታ ያጠፋው የእኔን ነው።

አፌን ከፈትኩ። የወጣ ነገር የለም። እንደገና ሞከርኩ። ዱካ ከታች ቀና ብላ «ቲቸር፣ ይቀመጡ» አለችኝ በሹክሹክታ። ተቀመጥኩ። መዛኙ እየተመለከተኝ በእስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ ነካ ያደርጋል። አለቀ አልኩ። የዘንድሮው አለቀ።

ኦይታ ከመደዳው ወጣ። እህቱ ፊት ቆመ። ቀኝ እጁን ዘረጋና በእንግሊዝኛ፣ በዚያው በጥንቱ ቃል፣ በዚያው የከብት ጥሪ ድምፅ ጀመረ። ነገር ግን የሚለው ሌላ ነው። ጽሑፉ «ሄንስ» ሲል እሱ «ሂዘር» አለ፤ እግርሽ ወደዚህ ይምጣ። ማኅፀን ይንጠፍ በሚለው ቦታ ይሙላ አለ። ጡት ይድረቅ በሚለው ቦታ ወተቱ ተርፎ መሬት ይንካ አለ። መስመር አልዘለለም። አሥራ አንዱንም እርግማን በተራው እያነሳ እንደ ልብስ ገለበጠው። «ዛው»ን የትም አልሳተውም፤ አንቺ በሚባልበት አንቺ እያለ ነበር። በአገራቸው ታላቅ ሲመርቅ የቆመው ሁሉ የመጨረሻዋን ቃል እየተቀበለ ይመልሳል፤ ዱካ መመለስ ጀመረች። የክበቡ ልጆች ተከተሉ። ታምራት ግን በየመስመሩ «አሜን» ነበር የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ።

መዛኙ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ጣቱን ጽሑፉ ላይ አድርጎ ከመስመር መስመር ሲከተል አየሁት። ኦይታ ጨርሶ ሲቀመጥ ሰውዬው ጽሑፉን አንስቶ ወደ እሱ ዞረ።

«ይህቺን ማን ነገረህ?» አለና አንዱን ቃል አነበበለት። «እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም።»

«ቲቸር ናቸው» አለ ኦይታ። «ፍቺዋን ሳላውቅ እንዴት እገለብጣታለሁ?»

ወደ መኪናው ስሸኘው የመዛኙ ፊት ከብዶ ነበር። «ወይዘሮ ይታይሽ፣ እንዲህ የገባው ክፍል አላየሁም። ግን ፎርሙ ላይ ‹ቃሉ እንደተጻፈ ተነገረ› የሚል አለ። አልተነገረም። እሱን ባዶ ነው የምሞላው፤ ባዶ ያለበት ደግሞ አያልፍም። ለዓመት ይድገሙት።»

«ሳይገባው እንደተጻፈ ቢናገረውስ፣ ያልፍ ነበር?»

መኪናው ውስጥ ገባ። «ያልፍ ነበር» አለ፣ ሳያየኝ። «ለመግባቱ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም።» ወደቅሁ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ባልደክም፣ ያንን ጭቃ ባልረግጥ፣ ታምራት እንዳለው ብንሸመድደው አልፌ ነበር። በመናደዴ አትፍረዱብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩን ለአባባ ሰጣቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር እንጂ ነገሩን አንስቼው አላውቅም።

«አባባ፣ ስሄድ ደጃፍ ላይ የተናገሩኝን ያንሱልኝ።»

«ምን ተናገርኩሽ?»

«ረሱት?»

«ስትሄጂ ጓዳ ገብቼ ማልቀሴን አውቃለሁ። የተናገርኩትን አላውቅም። ምን አልኩሽ ልጄ?»

አልደገምኩትም። «ግልባጩን ይበሉልኝ» አልኳቸው። «እግርሽ ይመለስ ይበሉኝ።»

በማኅሌት ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው፣ «እግርሽ ይመለስ» አሉ። «እግዚአብሔር ይመልስሽ። ታዲያ ለምን ነበር የማትመጪው? እናትሽ በየበዓሉ ደጅ ደጁን ስታይ ኖረች እኮ።»

ስልኩን ዘግቼ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴት ያዘኝ። እኔ ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩትን እሳቸው በዚያው ቀን ጥለውታል። ከመሸከሜ በፊት አንድ ጊዜ «ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የአራት መቶ ዓመት የእንግሊዝ ቃል ለመፍታት ጭቃ ረግጬ ሆቴል ድረስ የሄድኩ ሴት፣ የአባቴን ቃል ለማስፈታት አንድ ስልክ አልደወልኩም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምናልባት ከእናንተም መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ የሚኖር ይኖራል። ተናጋሪው በሕይወት ካለ ደውሉለት። ረስቶት ታገኙት ይሆናል፤ ተናደዱበት፣ ግን ደውሉ። ሞቶ ከሆነም የሚገለብጥላችሁ ታላቅ ፈልጉ።

ኮርሱን በዓመቱ ደግሜ አለፍኩ፤ የደረሰኝ የእርቁ ትዕይንት ነበር። የዝውውር ቅጹን ግን እስከ ዛሬ አልሞላሁም። ጂንካ ነው ያለሁት። ዱካ እዚሁ ከተማ ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ስታገኘኝ «ወተቱ መሬት ነካ» ትለኛለች።

በዚያው በወደቅሁበት ዓመት ክረምት ግን ያለ ደብዳቤ፣ በገዛ እግሬ ወደ አገሬ ተነሳሁ። ወይጦ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሾፌሩ እንመለስ አለ። ሙላት ነው አልኩት፤ ይጎድላል። ሁለት ቀን ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅነው። ጎደለ። ተሻገርን።